ቋሚ መምህር ወይስ የኮንትራት መምህር?

ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ የመንግሥትና አንድ የግል ትምህርት ቤት መምህር ቡና ይዘው ከተቀመጡ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ያርፋል፦ የመምህር ቋሚነት ይቅር ወይስ ይኑር?

የመንግሥቱ መምህር የሙከራ ጊዜውን ካለፈ ያለ ዲሲፕሊን ሂደት አይባረርም። የባለሥልጣን ልጅ ቢወድቅ «ወድቋል» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ችግሩ፣ ከ20 ዓመት በፊት በጻፈው ማስታወሻ የሚያስተምረውንም ማንሳት ከባድ ነው።

የግሉ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራል። አዋጁ የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀናት ይገድባል፣ ቅጥርንም በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ ያደርገዋል። በተግባር ግን በየመስከረሙ ውል የሚያድስ መምህር አለ። (ክረምቱን ምን ይበላል? እሱ አይጠየቅም።) እንዲህ ያለው መምህር ይተጋል፤ ወላጅ እንዳይቆጣ ግን ውጤትም ያለሰልሳል።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የመምህር ቋሚነት በ2 ዓመት ይገኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ዳኛ ይህን የቋሚነት ሕግ ቢሽረውም በ2016 ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን ገለበጠው።

እኔ ቋሚነቱ ይቅር አልልም። የሙከራ ጊዜው ግን ሙሉ የትምህርት ዓመት ይሁን፣ የሰኔውን ፈተና ጨምሮ።