10 ሜጋ የተሸጠልኝ፣ 5 የሚያደርሰው መስመር

ስለ ቤታችን ዲኤስኤል ኢንተርኔት (በስልክ ሽቦ ስለሚመጣው) ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ለንባብ፣ ለኢሜይልና ለአንድ ሰው ቪዲዮ ይበቃል። ትልቅ ፋይል የሚልክ ሰው ግን አይግባበት። እኔን ያናደደኝ ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ አሻሻጡ ነው።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ያስገባነው የ10 ሜጋ ፓኬጅ ነበር። የሽያጭ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያና የቤት ቁጥር ጠየቀችኝ። ቤቱ ከካቢኔቱ፣ ማለትም የሰፈሩ የስልክ ሽቦዎች ከሚነሱበት ሳጥን፣ ምን ያህል ይርቃል ያለኝ ግን የለም። ስፒድ ቴስት ሳደርግ 5 ነጥብ ምናምን ነው የሚመጣው። ንጋት ላይም ያው፣ ማታም ያው። ይሄ ራሱ ፍንጭ ነው። ችግሩ የተጠቃሚ መብዛት ቢሆን ኖሮ ማታ ወርዶ ንጋት ላይ ይነሳ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ግን ጣሪያው ያለው ሽቦው ላይ ነው።

ጣሪያውን ማየት ለፈለገ ራውተሩ ራሱ ይናገራል። ብዙዎቹ ራውተሮች ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ሲጻፍ ይከፈታሉ። ከዚያ የዲኤስኤል ስታተስ የሚለውን መፈለግ ነው። የኔ ዳውንሎድ 6.1 ሜጋ፣ አፕሎድ 0.8 ሜጋ ይላል። ከሥሩ አቴኑዌሽን 46 ዴሲቤል፣ ኖይዝ ማርጂን (ሲግናሉ መስመሩ ሳይቆረጥ ጫጫታ የሚችልበት ትርፍ) 7 ዴሲቤል።

ዋናው ነገር ያ 46 ነው። ሲግናሉ ከካቢኔቱ ተነስቶ እኛ ቤት እስኪደርስ ምን ያህል እንደደከመ የሚያሳይ ቁጥር ነው። 46 ከሆነ ሽቦው 3 ኪሎ ሜትር አልፏል ብሎ መገመት ይቻላል። ካቢኔቱ በእግር ቅርብ ነው፤ ሽቦው ግን መንገድ ለመንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው የዲኤስኤል ዓይነት በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋ ይሰጣል። እሱ ግን ለካቢኔቱ ጎረቤት ነው። ፍጥነቱን የሚሸከሙት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው፤ መዳብ ላይ ቀድመው የሚሞቱትም እነሱው ናቸው። 5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ቤት አንድ ሁለት ሜጋ ካገኘ ተመስገን ይበል። ፈጣኑ ዓይነት ቪዲኤስኤልም በኛ ርቀት አያድንም። 100 ሜጋ የሚባለው ካቢኔቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ ላለ ሰው ነው።

ታዲያ 6.1 የሚለው መስመር ቴስቱ ላይ ለምን 5.2 ይሆናል? ቀሪው ዳታው ለሚታሸግበት መጠቅለያ (ለአድራሻና ለመሳሰለው) ይሄዳል። ከአስር እጅ አንድ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለውን እጅ የሚበላው እሱ ነው። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ፓኬጁ የሚለካው በሜጋ ቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲያወርድ የሚያሳየው ደግሞ በሜጋ ባይት። ለ8 ማካፈል ነው። 5.2 ማለት በሰከንድ 650 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። 1 ጊጋ ፊልም ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል።

ቴክኒሻን ጠርቼ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ሞካሪውን ሰክቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አይወጣም፤ ሩቅ ነዎት» አለኝ። «ታዲያ 10 ሜጋ ለምን ሸጡልኝ?» ስለው ሳቀ። «እሱ የሽያጭ ነገር ነው ጋሼ።» እኔ ግን አላሳቀኝም።

አንድ ነገር ግን ጠቆመኝ። ከኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ከበሩ አጠገብ እስከ መኝታ ቤት ድረስ ቀጭን የስልክ ሽቦ ቀጣጥለው ነበር። ያንን አልፈን ራውተሩን መስመሩ ቤት በሚገባበት ቦታ ሰካነው። 6.1 የነበረው 7.4 ሆነ። በነጻ! ሌላ ከመሞከራችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ስፒድ ቴስትም በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ይሁን፤ የግድግዳውን ጥፋት መስመሩ ላይ አትጫኑ።

አፕሎዱ ነው የማያስተዛዝን። 0.8 ሜጋ ማለት 100 ሜጋ ባይት ቪዲዮ ለመላክ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። የባለቤቴ ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር ደግሞ የሁላችንም ኢንተርኔት ይታነቃል። ለማውረድም «ደርሶኛል» የሚል መልስ ወደ ላይ መላክ አለበትና፣ መውጫው ሲዘጋ መግቢያውም ይዘጋል። ስልኩን ሌሊት ብቻ እንዲጭን አደረግነው፤ ሰላም ወረደ።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ዝናብ ሲጥል ማርጂኑ ወደ 4 ይወርድና መስመሩ እየተቆረጠ ይመለሳል። ከ6 በታች የወረደ መስመር አይታመንም። የሽቦው መገጣጠሚያዎች ውኃ ሲገባባቸው እንዲህ ነው። እኔ ያደረግሁት ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ነው፤ ወደ 5 ሜጋ ፓኬጅ ወረድኩ። ካቢኔቱ ላይ ፍጥነቱ ሲገደብ መስመሩ አቅሙን አሟጦ መሮጥ አቆመ፣ ማርጂኑም ወደ 12 ወጣ። ነሐሴን ብዙም ሳይቆረጥ አለፍን፤ ሂሳቡም ቀነሰ። ስንጠቀም የምናየው ፍጥነት ብዙም አልጎደለም።

ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለአፕሎዱ፣ ሌላውን ለመስኮቷ። ፋይበር ደጃችሁ ከደረሰ ግን ዲኤስኤልን አታስቡት፤ ብርሃኑ በመስታወት ውስጥ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ የካቢኔት ርቀት የሚባል ወሬ የለም። ካልደረሰ ደግሞ ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት ዲኤስኤል ካለው ጎረቤት ራውተር ላይ አቴኑዌሽኑን አንብቡ። ከ40 በላይ ከሆነ ትንሹን ፓኬጅ ግዙ።