ከማስቲካ ጋር የሚሸጡት የጃፓን ቅርጽ ቀያሪ ሮቦቶች፦ ለአዲስ አበባ ሰብሳቢ ይሆናሉ?

መርካቶ በትልቅ ካርቶን የሚደረደረው መኪና ሲሉት ሮቦት የሚሆን መጫወቻ ግዝፈቱ ዓይን ይስባል፤ ክንዱ ግን ቶሎ ይወልቃል። በትንሽ ብር ስብስብ መጀመር ለሚፈልግ ሰው የእኛ ምርጫ መዳፍ ውስጥ የሚገቡት፣ ጃፓን ውስጥ ከማስቲካ ጋር የሚሸጡት ሮቦቶች ናቸው። የጣፋጭ አምራቹ ካባያ «ትራንስፎርመርስ ማስቲካ» ያላቸው ሣጥኖች ሳይገጣጠም የታሸገ ሮቦትና ጥቂት ማስቲካ ይይዛሉ። ማስቲካው ሰበብ ነው፤ ሣጥኑን ከከረሜላ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው። ቀኑ ካለፈበት ጣሉት።

የመጫወቻ አምራቹ ባንዳይ «ሚኒፕላ»ም በዚሁ መንገድ ይሸጣል፤ ግን አንዱን ትልቅ ሮቦት በብዙ ሣጥን ይከፋፍለዋል። አንድ ሣጥን ከጎደለ ሮቦቱ እግር አልባ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ሙሉውን ካልሆነ አትጀምሩት።

ዋጋ ስታነጻጽሩ በጃፓኑ ገንዘብ፣ በየን፣ አስቡ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የድሮ የብር ዋጋ ለንጽጽር አይሆንም። ሣጥኖቹ ቀላል ስለሆኑ ከቶኪዮው ናሪታ አየር ማረፊያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ጥግ ላይ ያድራሉ። በፖስታ የምታስመጡ ከሆነ ቸርችል ጎዳና ወዳለው ዋናው ፖስታ ቤት ስትሄዱ የግዢ ደረሰኙን አትማችሁ ያዙ። ደግሞ «ቻይና የተሠራ» የሚል ስላያችሁ ፎርጅድ ነው አትበሉ፤ የጃፓን ኩባንያዎችም በብዛት የሚያመርቱት ቻይናና ቬትናም ነው። መታየት ያለበት ከእግሩ ወይም ከጀርባው በደቃቁ የተቀረጸው የኩባንያ ስም ነው።

ዋናው ሥራ መገጣጠሙ ነው። ክፍሎቹ ከፕላስቲክ ፍሬም ጋር ተያይዘው ይመጣሉ፤ ቀለምም ማስቲሽም አይፈልጉም። በእጅ ጠምዝዞ መገንጠል ግን ክፍሉን ከነሥጋው ቦጭቆ ጉድጓድ ይተዋል። የሞባይል ጠጋኞች የሚይዙት ትንሽ ከተር ምርጥ ነው፤ ከጠፋ ጥፍር መቁረጫ ይሠራል። መጀመሪያ ከክፍሉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቁረጡ፤ የቀረውን ጉቶ በሁለተኛ ቁርጥ አንሱ፤ በመጨረሻ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። መገጣጠሚያው ላይ ጉቶ ከቀረ ክንዱ በልኩ አይገባም፣ ሲገፉትም ዙሪያው ይነጣል። ነጭ ሰንበር ካያችሁ እዚያው አቁሙ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስንጥቅ ነው።

መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም ሥዕሉ ይበቃል። ሁሉንም ክፍል ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ መበተን ግን ጣጣ ያመጣል፤ ቁጥሩ የተጻፈው ፍሬሙ ላይ ነው፣ የቀኝና የግራ ክንድ ደግሞ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። በታኅሣሥ ማለዳ ፕላስቲኩ በብርድ ግትር ስለሚሆን ቀጫጭን ፒኖች ይቀነጠሳሉ። ክፍሉን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ አድርቁና ግጠሙ። ስቲከሩን በጣት ሳይሆን በወረንጦ አንሡት። የሚታጠፍ መስመር ላይ የሚያርፍ ከሆነ በምላጭ ለሁለት ክፈሉት፤ አለበለዚያ ቅርጹን በቀየራችሁ ቁጥር ጠርዙ ይነሳል።

ትልቁ ድክመታቸው መላላት ነው። ደጋግመው ሲቀያይሩት ትከሻው ይወድቃል፣ መሣሪያ የያዘ እጅ ወደ መሬት ያያል። ፒኑ ላይ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ሳትገጥሙት ይደር። ሱፐር ግሉም ይሠራል ይባላል፤ እኛ አንመክረውም፣ ሳይደርቅ ከተገጠመ ሮቦቱ እስከ ዘላለሙ መኪና ነው። በጣም ለጠበቀ መገጣጠሚያ ፒኑን በብርጭቆ ወረቀት ሳሳ ማድረግ ይሻላል፤ የስፌት መኪና ዘይት ፕላስቲኩን ሊያሰነጥቀው ይችላል። አሴቶን ደግሞ አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ያቀልጠዋል። ከ2300 ሜትር በላይ ያለ የአዲስ አበባ ፀሐይ ነጩን ፕላስቲክ ቢጫ ስለሚያደርገው መስኮት ላይ አትደርድሩ።

መገጣጠም የማይወድ ሰው በ2021 እ.ኤ.አ. የጀመረውን «ኮር» የሚባለውን የትራንስፎርመርስ ትንሽ መጠን መደብ ይመልከት። 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ተገጣጥሞ ይመጣል፣ መጋጠሚያውም ከማስቲካዎቹ ይጠነክራል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለልጅ የሚገዛ ግን ያለማመንታት ይህን ይውሰድ።

አሮጌ ለሚወድ «ማሽን ሮቦ» የሚባል የጃፓን ቅርጽ ቀያሪ ሮቦት አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. በ600 የን ይሸጥ የጀመረ፣ ብረት ያለበት፣ ሲይዙት ክብደት የሚሰማ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጫወቻ ኩባንያው ቶንካ «ጎቦትስ» ብሎ ስለሸጠው ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ፤ ለምሳሌ ጃፓኖቹ «ባይክ ሮቦ» የሚሉት ሞተር ሳይክል እዚያ «ሳይ-ኪል» ነው። ብሎኖቹ ደቃቅ ስለሆኑ የሰዓት ሠሪ ካቻቢት ያስፈልጋል። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን በሁለቱም ቅርጽ የተነሣ ፎቶ ጠይቁት፤ በመኪናነቱ ብቻ የሚታይ ሮቦት እጁ የጎደለ ሊሆን ይችላል።