ሲኦቱ ወይስ የታመቀ አየር? ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆነው የፔይንትቦል ጋዝ

የፔይንትቦል ማርከር፣ ማለትም በጨዋታው የቀለም ኳስ የሚተኮስበት መሣሪያ፣ ሲያስቸግር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማርከሩ አይደለም፤ የጋዙ ነው። ስለዚህ ሞዴል ከመምረጣችሁ በፊት በምን ጋዝ እንደምትጫወቱ ወስኑ። ያሉት ሁለት ናቸው፦ ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ሲኦቱ፣ እና የታመቀ አየር። ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ ልዩነታቸው ቶሎ ይታያል።

ሲኦቱ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀመጠው ፈሳሽ ሆኖ ነው። ኳሱን የሚገፋው ከፈሳሹ የሚተነው ጋዝ ነው። ግፊቱን የሚወስነው ሙቀት ነው፤ በ20 ዲግሪ 57 ባር አካባቢ የነበረው በ0 ዲግሪ ወደ 35 ባር ይወርዳል። እንግዲህ የኅዳርና የታኅሣሥን የደብረ ብርሃን ጠዋት አስቡት። ትናንት ከሰዓት አሪፍ ሲሠራ የነበረ ማርከር ኳሱን እግራችሁ ሥር ይጥለዋል። ቶሎ ቶሎ ከተኮሳችሁ ደግሞ ይብስበታል፤ ፈሳሹ በተነነ ቁጥር ጠርሙሱ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ ላዩ ላይም በረዶ ይይዛል። መፍትሔው ረጋ ብሎ መተኮስ ነው። ጨዋታው እስኪጀመር ጠርሙሱን ጋቢ ውስጥ ማቆየትም ይረዳል። ከሰል ዳር ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

«ከፍታው ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠለል የሚያንሰው በ0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። ከ57 ባር አንጻር ምንም ማለት ነው። ጥፋተኛው ብርዱ ነው።

ሙቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት በብርድ ፍጥነቱን በሰከንድ 280 ጫማ ላይ ያስተካከላችሁት የሲኦቱ ማርከር፣ ፀሐይ ሲወጣ ብዙ ሜዳዎች የመጨረሻ ገደብ የሚያደርጉትን 300 ጫማ ሊያልፍ ይችላል። እኩለ ቀን ላይ እንደገና መለካት ግዴታ ነው፤ የሚመታው ጓደኛችሁ ነው። ጠርሙሱን መኪና ውስጥ ጥላችሁ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ከልኩ በላይ የተሞላ ጠርሙስ ሲሞቅ ግፊቱ በፍጥነት ይወጣል፤ ግፊቱ ሲበዛ ተቀዶ ጋዙን የሚያስወጣው የመከላከያ ዲስክም ይፈነዳል። ለዚህ ነው ሲኦቱ በሚዛን እንጂ በጌጅ፣ ማለትም በግፊት መለኪያ፣ የማይሞላው። ባለ 20 አውንሱ ጠርሙስ የሚይዘው 567 ግራም ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ድራፍት ቤቶች ሲኦቱ አያጡም፤ ግን ሲሊንደራቸው ቀጥ ብሎ እንደቆመ የሚሰጠው ጋዙን እንጂ ፈሳሹን አይደለም፤ ስለዚህ ጠርሙሳችሁን በደንብ አይሞላም። ሚዛን የሌለው ሰው ሊሞላላችሁ ካለ ይቅርባችሁ።

የታመቀ አየር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ሲሊንደሩ ውስጥም ጋዝ ነው፤ በአሉሚኒየም 200 ባር፣ በካርቦን ፋይበር 300 ባር አካባቢ። ሬጉሌተሩ ወደ 55 ባር ዝቅ አድርጎ ይሰጣል። ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለደጋ ይሄ ይበልጣል።

ችግሩ መሙላቱ ላይ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር 10 ባር ገደማ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ አትልፉ። 300 ባር የሚደርስ ትንሽ ኮምፕረሰር፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራም ጭምር፣ ይሸጣል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ለመሙላት ትንሽ ይዘገያል። የእጅ ፓምፕም አለ፤ ጉልበት ለተረፈው። የብየዳ ወይም የሆስፒታል ኦክስጅን ግን በምንም ዓይነት አይሞላም። ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። መሙያ ጫፉንም ዘይት አትቀቡት።

ጋዙ የሚያመልጥ ከሆነ በሁለቱም ዓይነት ፍለጋው ያው ነው። የሳሙና ውኃ ቀቡና አረፋውን ተከተሉ። አንገቱ ላይ ካፏጨ ኦሪንጉ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት ማሸጊያው፣ ነው። ሲኦቱ ተራ ጎማን ስለሚያሳብጥ ዩሬቴን ኦሪንግ ግዙ፤ ዋጋው ኢምንት ነው። በአፈሙዝ በኩል ካፏጨ ውስጥ ያለው የቫልቭ ማሸጊያ አርጅቷል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ማርከሩ ጋዝ ካላገኘ ጋዙን የሚከፍተው የሲሊንደሩ ፒን በደንብ አልተጫነም ማለት ነው። በአየር የሚሠራው ትንሽ ቆይታችሁ ስትተኩሱ የመጀመሪያውን ኳስ አፍጥኖ ቀጣዮቹን ካቀዘቀዘ ሬጉሌተሩን ጠርጥሩ።

እንግዲህ ማን የትኛውን ይግዛ? ኤሌክትሮኒክ ማርከር ካሰባችሁ አየር ብቻ፤ የሲኦቱ ፈሳሽ ሶሌኖይዱን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቫልቭ፣ ያበላሸዋል። እንደ ቲፕማን 98 ያለ ሜካኒካል ማርከር በሁለቱም ይሠራል፤ ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። ሰብሰብ ያላችሁ ጓደኛሞች ከሆናችሁ እቁብ ጥላችሁ አንድ ኮምፕረሰር በጋራ ግዙና አየር ተጠቀሙ። ከቀን ብዛት አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም ቆላ ወርዶ ለሚጫወት ሲኦቱ ይበቃዋል። መሙያ ጭራሽ ለሌለው ደግሞ ባለ 12 ግራም የሲኦቱ ካርትሪጅ በፓምፕ ማርከር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ኳስ በእጅ በሚሳብ ማርከር፣ አለ፤ አንዱ ከ20 እስከ 30 ኳስ ይተኩሳል።

ያገለገለ ሲሊንደር የምትገዙ ከሆነ አካሉ ላይ የተጻፈውን የፍተሻ ቀን እዩ። በአሜሪካ ደንብ የአየር ሲሊንደሮች በአብዛኛው በየ5 ዓመቱ ይፈተሻሉ፤ የካርቦን ፋይበሩ ዕድሜም አብዛኛውን ጊዜ 15 ዓመት ነው። ቀኑ የተፋቀ ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።