ዳያል ጌጅ በእንጨት ቤት፦ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

ኮምቦልቻ ውስጥ በርና የወጥ ቤት ቁም ሳጥን የምሠራበት ትንሽ እንጨት ቤት አለኝ። ዋናው ዕቃዬ መሰንጠቂያና መላጊያ በአንድ አካል የተገጠሙበት ኮምባይንድ ማሽን ነው። አምና መስከረም ላይ ዋንዛ ስሰነጥቅ ጠርዙ እየጠቆረ፣ ቤቱም እንደ አረረ ቡና እየሸተተ አስቸገረኝ። ላማውን (ክብ መጋዙን) አሳልኩት፤ አልተሻለውም። አዲስ ገዛሁ፤ አዲሱም አቃጠለ። ሜላሚን የተለበጠ ቺፑድ ስቆርጥ ደግሞ ከፊት የሚገቡት ጥርሶች አጥርተው የቆረጡትን ከኋላ የሚነሡት ጥርሶች መልሰው ይሸራርፉብኝ ነበር።

ደሴ ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ) ያላቸው፣ ጋሼ የምላቸው የእናቴ ዘመድ ነገሩን በስልክ ሰምተው፣ “ላማህ ተጣሟል እንጂ አልደነዘም። በካሊብሮ አታገኘውም፤ ዳያል ጌጅ ያዝ” አሉኝ። ዳያል ጌጅ፣ ማለትም ዘንጉ ሲገፋ በክብ ፊቱ ላይ መርፌ እየዞረ ጥቃቅን ልዩነት የሚያሳየው መለኪያ፣ የጋራዥና የቶርኖ ሰው ዕቃ ይመስለኝ ነበር። የእንጨት ሰው ሚሊሜትር ከለካ ምን ጎደለው? እንዲያ እያልኩ ስከራከር አንድ ወር ሙሉ የተቃጠለ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ኖርኩ። በመጨረሻ ጥቅምት ላይ ገዛሁ።

ገበያው ላይ ያገኘሁት አራት ዓይነት ነበር። አንደኛው ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባው፣ 10 ሚሊሜትር የሚሄደውና በመቶኛ ሚሊሜትር የሚያነበው የተለመደው ባለ መርፌ ነው። ትልቁ መርፌ አንድ ዙር ሲዞር አንድ ሚሊሜትር ነው፤ ዙሩን ትንሿ መርፌ ትቆጥራለች። ሁለተኛው ጫፉ እንደ ጣት የሚወዛወዝ ሲሆን ጠባብ ቦታ ይገባል፤ የሚለካው ግን ከአንድ ሚሊሜትር እንኳ ያነሰ ርቀት ነው። ለቶርኖ ሰው ጌጥ ነው፤ ለእኔ ገና ሳስጠጋው መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራ ዲጂታል ነበር። አራተኛው ያገለገለ፣ በኢንች የሚያነብ አሮጌ ዕቃ ነበርና ልቤ ወደ እሱ ሄዶ ነበር፤ አሠራሩ ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን የኢንች ሺሕኛ 0.0254 ሚሊሜትር ነው፤ በየንባቡ ማባዛት አለብኝ ማለት ነው። አንገቱም ዘጠኝ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ለ8 ሚሊሜትር በተበሳው የተለመደ መያዣ ውስጥ አይገባም። ተውኩት።

የወሰድኩት አንደኛውን፣ ቻይና ሠራሽ የሆነውን ነው። ዋጋው ከአንድ ጥሩ የካርባይድ ጥርስ ላማ ያንሳል። ሚቱቶዮን የመሰለ የጃፓን ዕቃ የሚገዛ ሰው አይሞኝም፤ ለእንጨት ግን ግዴታ አይደለም። ግዴታ የሆነው ሱቁ ውስጥ መፈተን ነው። ዘንጉን በጣቴ ቀስ ብዬ አንሥቼ ቀስ ብዬ እያወረድኩ ዐሥር ጊዜ ደጋገምኩት። የመጀመሪያው ዕቃ መርፌው አንዴ ዜሮ ላይ፣ አንዴ ሦስት መስመር አልፎ ይቆም ስለነበር መለስኩት። ሁለተኛው ከግማሽ መስመር በላይ አልሳተም። ከዚያ ጎረቤት ካለ ጋራዥ የቫልቭ ክፍተት የሚለካባቸውን ስስ ብረቶች ተውሼ 0.50 የሚለውን ከጫፉ ሥር አስገባሁ፤ 0.50 አነበበ። ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር፤ እኔ ግን አላፈርኩም።

ስሕተቴ የጀመረው መያዣው ላይ ነው። ከመለኪያው ጋር ማግኔት ያለው መቆሚያ ገዛሁ፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚገዛ። ቤት ስደርስ የማሽኔ ተንሸራታች ጠረጴዛ አሉሚኒየም መሆኑን አስታወስኩ። ማግኔት አሉሚኒየምን አያውቀውም። ቀልጦ በተቀዳው የብረት ጠረጴዛ ላይ ይጣበቃል፤ ሆኖም እዚያ ተጣብቆ የቆመ ነገር ከላማው ፊት ወደ ላማው ኋላ ሊሄድ አይችልም። የሚያስፈልገኝ የሚቆም ሳይሆን የሚንሸራተት መያዣ ነበር። ለማንኛውም ብዬ አሉሚኒየሙ ላይ ባቆምኩት ቀን ተንከባሎ ወድቆ የመለኪያው መስተዋት ተጫረ። ጭረቱ አሁንም ከ60 እስከ 70 ባለው ቁጥር ላይ አለ፤ ባነበብኩ ቁጥር ያንን ወጪ ያስታውሰኛል።

መፍትሔው ከራሴ ሙያ መጣ። ከደረቀ ወይራ አንድ ክንድ የማትሞላ ቀጭን አጣና ላግኩና ጠረጴዛው ላይ ባለው፣ እንጨት በማዕዘን የሚያስቆርጠው መምሪያ በሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ እንድትሄድ አስተካከልኳት። መጀመሪያ ትንሽ ትወላወል ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ በመጋዝ ሰንጥቄ በብሎን ስከፍታት የቦዩን ሁለት ግድግዳ ነክታ ያለ ምንም መወላወል መሄድ ጀመረች። ከላይዋ ሌላ እንጨት በመስቀል ገጥሜ የመለኪያውን የጀርባ ጆሮ በአንድ ብሎንና በአንድ ዳዶ አሰርኩበት። ወጪው ምንም ነው። ለእኔ የግዢው ግማሽ እሷ ናት፤ መለኪያው የቱንም ያህል ቢረቅ መያዣው ከተወላወለ የሚያነበው መወላወሉን ነው።

እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያው ቀን ልኬቴ ከንቱ ነበር። ጫፉን ከፊት ባለው ጥርስ ላይ አሳረፍኩ፤ ዜሮ አደረግሁ፤ አጣናዋን ወደ ኋላ ገፍቼ ከኋላ ባለው ጥርስ ላይ አሳረፍኩ። አሁን 0.30፣ ትንሽ ቆይቶ 0.10፣ ቀጥሎ 0.50 እያለ አሳበደኝ። ጋሼ ስልኩ ላይ ሳቁብኝ። ሁለት የተለያዩ ጥርሶችን ስለካ የማሽኑን መጣመምና የላማውን መወዛወዝ ቀላቅዬ ነበር። ትክክለኛው መንገድ አንድ ጥርስን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ከፊት መለካት፣ ላማውን በእጅ አዙሮ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ መውሰድና እዚያ ደግሞ መለካት ነው። ዜሮ ከማድረግ በፊትም ዘንጉ አንድ ዙር ያህል ወደ ውስጥ መጫን አለበት፤ ያለዚያ ላማው ወደዚያ ሲርቅ ጫፉ ተከትሎ መሄጃ ያጣል። መለኪያውም ለላማው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ዐሥር ዲግሪ ቢዘም የሚጨምረው አንድ በመቶ ተኩል ገደማ ነው፤ ሠላሳ ዲግሪ ሲሆን ግን ዐሥራ አምስት በመቶ ይዋሻል።

እንደዚያ ስለካ 0.42 ሚሊሜትር ወጣ። አንድ ተራ የቢሮ ወረቀት ዐሥር መቶኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የእኔ ላማ ከኋላ በአራት ወረቀት ውፍረት ወደ ማስጠጊያው፣ እንጨቱ ተደግፎ ወደሚያልፍበት ቀጥ ያለ ጠርዝ፣ ዞሮ ኖሯል። ዋንዛው በላማውና በማስጠጊያው መካከል እየተጨመቀ ነበርና ማቃጠሉ አልገረመኝም፤ የገረመኝ አንድ ቀን እንጨቱን ደረቴ ላይ አለመወርወሩ ነው።

መወዛወዙን ደግሞ ለብቻው ፈለግሁት። ላማውን አውልቄ ላማው የሚደገፍበትን ቀለበት ጠርዝ ስለካ 0.06 አነበብኩ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቀለበቱ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 35 ሚሊሜትር፣ ላማዬ ደግሞ 150 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ እዚያ 0.06 የሆነው ጥርሱ ጋ ሲደርስ ከሩብ ሚሊሜትር ያልፋል። ኩሽኔታው ሄዷል ብዬ ልቤ ደንግጦ ነበር። ኩሽኔታው ምንም አልሆነም፤ የደረቀ የጽድ ሙጫ ቀለበቱ ላይ ተጋግሮ ነበር። በአልኮል ጠርጌ ስመልሰው 0.02 ሆነ። አዲስ ላማ የገዛሁበት ገንዘብ ትዝ አለኝ።

ጠረጴዛውን ማስተካከሉ ሙሉ ከሰዓት ወሰደ። ከሥር ያሉትን አራት ብሎኖች አላልቼ ጠረጴዛውን በእንጨት መዶሻ እየነካካሁ 0.04 አደረስኩት። ብሎኖቹን ሳጠብቅ ወደ 0.15 ሸሸ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረገኝ በኋላ መለኪያውን በቦታው ትቼ፣ መርፌውን እያየሁ፣ ብሎኖቹን በሰያፍ ተራ በተራ ሩብ ዙር ብቻ ማጥበቅ ጀመርኩ። መርፌው ሲሸሽ የትኛው ብሎን እንደጎተተው ወዲያው ይታያል። መጨረሻው 0.05 ሆነ፤ እዚያው ተውኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋንዛ አላቃጠልኩም። ቺፑዱ አሁንም አልፎ አልፎ ይሸራረፋል፤ ይህን የሚያድን መለኪያ አይደለም።

መላጊያው ላይ ደግሞ ሦስቱን ቢላዎች እኩል ለማድረግ እጠቀምበታለሁ። ሾጣጣው ጫፍ ከቢላው ስለት ላይ ስለሚንሸራተት ጋሼ ከናስ ጠፍጣፋ ጫፍ ቀርጠው ሰጡኝ፤ የሚታሰርበት የብሎን ጥርስ ልክ ኤም 2.5 ነው። ከ0.04 በታች ሳመጣቸው በተላገው ፊት ላይ ይታይ የነበረው ሞገድ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ሥራ የምሠራው በአብዛኛው መብራት ሲጠፋ ነው። ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ መስኮቱን ከፍቼ እለካለሁ። ያን ጊዜም ቢሆን ሶኬቱ መነቀል አለበት፤ መብራት ሲመጣ አንኳኩቶ አይመጣም። በዚህ ጉዳይ ዲጂታሉን አለመግዛቴ ደስ ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ የገዛውን አይቼዋለሁ፤ ሥራ ላይ ሳይውል መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ባትሪውን ይጨርሳል። እስከ ሺሕኛ ሚሊሜትር ስለሚያነብም ቁጥሩ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም፤ ጠረጴዛው ላይ እጅ ሲያርፍ ይለወጣል። ከቦታ ቦታ የሚሸሽ ነገርን በመርፌ ማየት በቁጥር ከማየት ይቀላል።

በአምስተኛው ወር መርፌው መንቀርፈፍ ጀመረ። ዘንጉ ሲገባ ይገባል፤ ሲመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ይላል። ሠራተኛዬ አዝኖለት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጎበት ኖሯል። ዘይቱ ሰጋቱራውን ሰብስቦ ሊጥ አደረገው። ዘንጉን በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ደጋግሜ ጠርጌ አስለቀቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ ዘይት የሚባል አላስነካሁትም። የፊቱን ቀለበት የምታጠብቀው ትንሽ ብሎንም ወድቃ ጠፍታለች፤ ማሽኑ ጠፍቶ ስለምለካ ግን ዜሮው ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ለጀማሪ የምነግረው ሌላው ነገር መቼ መለካት እንደሚተው ነው። ታኅሣሥ ላይ ከደሴ ዋንዛ ገዝቼ አመጣሁ። ደሴ ብርድና ጉም ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ አየሩ ሌላ ነው። ሁለት መቶ ሚሊሜትር ስፋት አድርጌ የላግሁት ጣውላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ጠቦ አገኘሁት። እኔ ማሽኑ ላይ መቶኛ ስቆጥር እንጨቱ ሃምሳውን በአንድ ጊዜ ወሰደው። አሁን ጣውላውን እዚህ አምጥቼ በአየሩ ሳላለምደው አልልግም፤ ማሽኑን ደግሞ ላማው ማቃጠል ካልጀመረ ወይም ማሽኑ ከቦታው ካልተነሣ በስድስት ወር አንዴ ብቻ እፈትሻለሁ።

ዛሬ ብገዛ ያንኑ ባለ 10 ሚሊሜትሩን እገዛለሁ፤ ቁጥሩ ግን ከዜሮ ወደ ሁለቱም ጎን እስከ 50 የሚሄደውን እመርጣለሁ። የእኔው እስከ 100 በአንድ አቅጣጫ ስለሚቆጥር፣ ከዜሮ ወዲህ ሲሆን 96ን አይቶ “አራት መቶኛ ወደ ኋላ” ብሎ ማሰብ ያደክማል። ማግኔቱን አልገዛም።

ባለፈው ሳምንት ደሴ ያለ የሙያ ጓደኛዬ ሊዋሰኝ መጣ። መለኪያውንም፣ የናሱን ጫፍም፣ የወይራዋን አጣናም ጨርሼ ሰጠሁት። በማግስቱ ደውሎ መለኪያው ደኅና መሆኑን፣ አጣናዋ ግን እንዳልሠራችለት ነገረኝ። የእሱ ቦይ ከእኔው በሦስት ሚሊሜትር ይጠባል፤ አሁን የራሱን እየላገ ነው።