ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ ለአንዲት መርፌ

ዋናውን ልንገራችሁ። ከራስ ቅሌ ስር የተወጋኋት የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ማይግሬን የሚባለውን ከባድ የራስ ምታቴን አላዳነችውም፣ ግን ከማስታገሻ ኪኒን አላቀቀችኝ።

እኔን በግራ ዓይኔ በኩል ይጀምረኛል። ከዚያ ወደ ማጅራቴ ይወርዳል፣ ያስመልሰኛል፣ ብርሃን ማየት አልችልም። እናቴ ምች ነው ብላ ስንት ጊዜ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጥታኛለች። ፃድቃኔ ማርያም ጠበል ተጠምቄያለሁ፣ አሁንም እሄዳለሁ። ሕመሙ እንዳይመጣ የሚሰጠውን ፕሮፕራኖሎል የሚባል ኪኒን ወሰድኩ፣ ዳገት ስወጣ አቅም አሳጣኝ። ሌላውን የመከላከያ ኪኒን፣ አሚትሪፕቲሊንን ስወስድ ደግሞ ጠዋት ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ሐኪም ጋ ገባሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ በወር ስንት ቀን ማስታገሻ እንደምውጥ ነው። ስንቆጥረው 20 ቀን ሆነ። እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር አልፎ የወሰደ ሰው ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል አለኝ። ስንት ዓመት ከፋርማሲ ስገዛ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም! በጣም ነው ያዘንኩት።

መርፌው የሚወጋው ከኋላ፣ የራስ ቅሉ ከማጅራት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ኦክሲፒታል የሚባል ነርቭ ያልፋል፣ እሱን በሊዶኬይን ያደነዝዙታል። ቀዶ ጥገና የለውም፣ አልጋ መያዝም የለም። ሲገባ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ውስጡን ገፋ ገፋ የሚያደርግ ስሜት አለው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ሊያዞርሽ ይችላል ብለው ትንሽ አስቀመጡኝ። ሚኒባሱ ጫጫ ሲደርስ የራሴ ቆዳ ገና ደንዝዞ ነበር።

አምስት ሳምንት ያህል ቀለል አለኝ። ማስታገሻውን የተውኩት በዚያ መሀል ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢከብዱም። አሁን በወር የሚያመኝ ሰባት ቀን ቢሆን ነው፣ ድሮ ከግማሽ ወር በላይ ነበር። ሁለተኛው መርፌ ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የያዘልኝ፤ ከሰው ሰው ይለያያል።

ለማይግሬን የሚሰጥ ቦቶክስ የሚባል ሌላ መርፌም አለ። አሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን ለሚያመው ሰው ነው። 31 ቦታ ይወጋል፣ በየ12 ሳምንቱ ይደገማል። በመምህር ደሞዝ አልደፈርኩትም።

ቅር ያለኝ መጠበቂያ ክፍሉ ነው። የ3 ሰዓት ቀጠሮ ይዤ 7 ሰዓት ገባሁ። ያን ሁሉ ሰዓት ዓይን የሚወጋ መብራት ስር፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ። አጠገቤ አንዲት እናት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጥለው ያቃስቱ ነበር። ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ነርሷም «አይዞሽ እህቴ» እያለች እጄን ይዛልኛለች፤ ግን እባካችሁ እዚያ የሚቀመጠው ማይግሬን ያለበት ሰው ነው፣ መብራቱን ቀንሱልን፣ ቴሌቪዥኑንም አጥፉልን።