ለጡረታ ለወጡት የቋሚ ኮሚቴያችን ጸሐፊ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በምክር ቤታችን የቋሚ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነው ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ባልደረባችን በዚህ ወር በጡረታ ተሰናብተዋል። በመጀመሪያ በአባልነት፣ ኋላም በሰብሳቢነት አብሬያቸው ስለሠራሁ ያየሁትን በአደባባይ መመስከር ይገባኛል። ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ፤ አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ግን ስለ ማን እንደምጽፍ ወዲያው ያውቃሉ።

ሕዝብ ምክር ቤትን የሚያውቀው በተመራጮቹ ንግግር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ረቂቅ ሕግ ለኮሚቴ ከተመራበት ቀን አንሥቶ ለውሳኔ እስኪቀርብ ድረስ የባለድርሻዎችን አስተያየት የሚያሰባስብ፣ የትኛው ማሻሻያ ከማን እንደመጣ የሚመዘግብ፣ አዲሱ ድንጋጌ ከነባር ሕጎች ጋር እንዳይጋጭ የሚያመሳክርና የውሳኔ ሐሳቡን የሚያዘጋጅ ሰው አለ። ተመራጮች በየምርጫው ሲለዋወጡ ያለፈው ምክር ቤት ምን እንደወሰነ፣ ለምንስ እንደወሰነ የሚያስታውሰው እርሱ ነው። የሙያው ዕድሜም ከሚገመተው በላይ ረጅም ነው፤ በእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት የመጀመሪያው ጸሐፊ የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ1363 ሲሆን፣ በአፈ ጉባኤነት ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገብ የሰፈሩት ሰር ቶማስ ሀንገርፎርድ ግን የመጡት በ1377 ነው። ከአፈ ጉባኤው በፊት ጸሐፊው ነበር ማለት ነው፤ እኚህን ሴት ሲሠሩ ላየ ሰው ይህ ቅደም ተከተል አያስገርመውም።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የረቂቅ አነባበባቸውን ነው። አንድ ጊዜ በረጅም ክርክር የተስማማንበት አዲስ አንቀጽ በረቂቁ መካከል ገባ፤ ከእርሱ በታች ያሉት አንቀጾች ሁሉ ቁጥራቸው በአንድ ጨመረ። የቅጣት ድንጋጌው ግን "በአንቀጽ እገሌ የተመለከተውን የተላለፈ" እያለ የሚጠቅሰው የቀድሞውን ቁጥር ነበር። ረቂቁ እንደዚያው ቢጸድቅ ኖሮ ቅጣቱ የሚያርፈው ከባዱን ጥፋት በፈጸመው ላይ ሳይሆን መረጃ ማሳወቅ በዘገየው ሰው ላይ ይሆን ነበር። ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት በነበረው ምሽት እያንዳንዱን ማጣቀሻ ከየአንቀጹ ጋር ሲያስተያዩ አግኝተውት፣ ማስተካከያውን በአንድ ገጽ አዘጋጅተው በማለዳ አቀረቡልን። በማግስቱ በአዳራሹ ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ሕጉ ግን ዛሬ ሊቀጣ የታሰበውን የሚቀጣው በእርሳቸው ትጋት ነው።

ቃለ ጉባኤ አያያዛቸውም እንዲሁ ነበር። በስብሰባ ላይ በስሜት የተነገረ ቃል በማግስቱ ከመዝገብ እንዲወጣ የሚጠይቅ አባል በየጊዜው አይጠፋም፤ ጠያቂው ሰብሳቢ ሲሆን ደግሞ እምቢ ማለት ለሠራተኛ ቀላል አይደለም። እርሳቸው ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ የሰዋስው ግድፈት እንደሚታረም፣ የተደጋገመ ነገር እንደሚቀነስ፣ የተባለውን ነገር ትርጉም የሚለውጥ እርማት ግን እንደማይቻል ያስረዱ ነበር። የብሪታንያ ፓርላማ ሃንሳርድ በሚባለው የክርክር መዝገቡ የሚከተለው መርህም ይኸው ነው። ሐሳቡን የለወጠ አባል በሚቀጥለው ስብሰባ አዲሱን አቋሙን ተናግሮ እንዲያስመዘግብ ይመክሩ ነበር፤ ይህን መንገድ የተከተሉ ሰዎች በመጨረሻ ሲያመሰግኗቸው ሰምቻለሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ድንጋጌ በምን ዓላማ እንደወጣ ሲያከራክር የሕግ ባለሙያዎች የሚመለከቱት ይህንኑ ቃለ ጉባኤ ስለሆነ፣ ጥንቃቄያቸው የቢሮ ወግ ብቻ አልነበረም።

በእርሳቸው የሥራ ዘመን የምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተላልፏል። የሁለቱም ወገን አባላት ምክር ፍለጋ ወደ ጠረጴዛቸው ይመጡ ነበር፤ ማንን እንደሚመርጡ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ጥቆማዬ ልምጣ። እኚህ ባለሙያ ጥቂት ካረፉ በኋላ የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ደንብ ለሚያዘጋጁ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ ለሚማሩና ረቂቃቸውን የሚያመሳክርላቸው ለሚፈልጉ ምክር ቤቶች፣ ማኅበራትና የሙያ ድርጅቶች ለማገዝ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል። ያለ አንዳች ማመንታት እጠቁማቸዋለሁ። ሥራውን ለእርሳቸው አስረክቦ ውጤቱን ለመቀበል የሚጠብቅ ሰው ግን ከእውቀታቸው ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ አብሯቸው ተቀምጦ፣ አንድን ረቂቅ ከትርጓሜው ክፍል እስከ መሸጋገሪያ ድንጋጌው ድረስ መስመር በመስመር እያነበቡ ሲጠይቁ የሰማ፣ በሌላ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ራሱ መጠየቅ ይችላል። በቢሯችን ያሉት ወጣት ባለሙያዎች የተማሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬ ቦታቸውን የተረከበችው ባልደረባም ከእነርሱ አንዷ ናት።

ጥሪ ማቅረብ የሚፈልግ ተቋም በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ደብዳቤ ቢልክ ይደርሳቸዋል። የሚሠራበትን ረቂቅ ወይም ደንብ ከደብዳቤው ጋር አስቀድሞ ቢያያይዝ መልካም ነው፤ ሳያነቡ አስተያየት አይሰጡምና። እኔም በአባልነት ዘመኔ ስለሰጡኝ ትዕግሥትና እውነተኛ ምክር እጅ ነሥቼ አመሰግናቸዋለሁ፤ የዕረፍት ጊዜያቸው የጤናና የሰላም ይሁንላቸው።