ዲቲ 830 መልቲሜትር ባትሪው በሚደክም አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ሲፈተሽ

በመርካቶም ሆነ በክልል ከተሞች የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች በብዛት የሚታየው ርካሽ መልቲሜትር (የቮልት፣ የከረንትና የኦም መለኪያ) ዲቲ 830 የሚባለው፣ መሐሉ ላይ የሚዞር ትልቅ መምረጫ ያለውና አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ወይም ጥቁር የሆነው ትንሽ መሣሪያ ነው። የሚያመርተው አንድ ፋብሪካ ብቻ ስላልሆነ የአሠራሩ ጥራት ይለያያል፤ ንድፉ ግን አንድ ዓይነት ነው። እዚህ የምመዝነው በአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቆሞ ሲሰነብት ባትሪው የሚደክምን አሮጌ ሞተር ሳይክል መመርመር ነው። በእኔ ፍርድ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ይሁን እንጂ የሚያሳየው ቁጥር በምን በምን ሁኔታ እንደማይታመን ያላወቀ ሰው ደህናውን ባትሪ ጥሎ አዲስ ሊገዛ ይችላል።

የሞከርኩበት ሞተር ባለ 12 ቮልት፣ በሞተሪኖም (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) በእግርም የሚነሳ፣ ሰዓትም ሆነ የስርቆት ማንቂያ የሌለው ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ለምርመራ የሚመቸው ቁልፉ ሲዘጋ ከባትሪው ጋር ተያይዘው የሚቀሩት ነገሮች ጥቂት ስለሆኑ ነው፤ እነሱም ሬጉላተሩ (ማግኔቱ፣ ማለትም የሞተሩ ጄኔሬተር፣ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚያስተካክለው)፣ የሞተሪኖው ሪሌ (ለሞተሪኖው ከረንት የሚከፍተው ማብሪያ) እና የቁልፉ ማብሪያ ራሱ ናቸው። ስለዚህ ቁልፉ ተዘግቶ ከባትሪው የሚወጣው ከረንት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን ይኖርበታል።

በቮልት ልኬት መሣሪያው አያሳፍርም። መምረጫው 20 ቮልት ዲሲ ላይ ሲሆን እስከ 0.01 ቮልት ድረስ ስለሚያሳይ፣ ሙሉ የሆነውን ባትሪ፣ ዐርፎ ሲለካ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት የሚሰጠውን፣ 12.2 ገደማ ከሚሰጠው ግማሽ ባትሪና ከ12 በታች ከወረደው ያለ ችግር ይለያል። ከቻርጅ እንደወጣ የሚለካ ባትሪ የውሸት ከፍታ ስለሚያሳይ ግን ለጥቂት ሰዓታት ማሳረፍ ወይም የፊት መብራቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል አብርቶ ማጥፋት ያስፈልጋል።

የቮልት ልኬት ባትሪው መድከሙን እንጂ ለምን እንደደከመ አይናገርም። ያን ለማወቅ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፤ የመልቲሜትሩ ቀይ ገመድ ወደ 10 አምፔር ቀዳዳ ይዛወራል፤ ከዚያም ከረንቱ በሙሉ በመሣሪያው ውስጥ እንዲያልፍ መልቲሜትሩ በተፈታው ገመድና በባትሪው ጫፍ መካከል ይገባል። በዚህ ልኬት የመጨረሻው አኃዝ 10 ሚሊአምፔር ስለሆነ በመጀመሪያ የታየው 0.04 የሚል ግምታዊ ቁጥር ነበር። ከረንቱ አነስተኛ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ወደ 200 ሚሊአምፔር ወርጄ ስለካው 38.5 ሆነ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም 7 አምፔር-ሰዓት የሚይዝን ባትሪ ከአንድ ሳምንት ጥቂት አለፍ ሲል ሙሉ በሙሉ ያሟጥጠዋል፤ ሞተሪኖውን ማዞር የሚሳነው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ዋናውን ፊውዝ ሳወጣው ንባቡ አልተለወጠም፤ በዚህ ሞተር ላይ መብራቶቹ፣ ፍሬቻዎቹና ክላክሱ ሁሉ ከፊውዙ በኋላ ስለሚገኙ በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ነጻ ሆኑ። ሬጉላተሩ በአንጻሩ ከባትሪው ጋር በቀጥታ የተያያዘ በመሆኑ ሶኬቱን ስነቅለው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። በሬጉላተሩ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ከረንትን ከማግኔቱ ወደ ባትሪው ብቻ ማሳለፍ ሲገባቸው፣ አንዱ ሲበላሽ የባትሪው ጉልበት ወደ ኋላ ተመልሶ በማግኔቱ ሽቦ በኩል ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ወደተያያዘው የሞተሩ ብረት) ይፈሳል። ይህን ለማረጋገጥ የመሣሪያው የዳዮድ መፈተሻ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ጤነኛ ዳዮድ በአንድ በኩል ከ500 እስከ 700 የሚደርስ ቁጥር፣ ገመዶቹ ሲገላበጡ ደግሞ በስክሪኑ ግራ ጠርዝ ላይ 1 ብቻ ሲያሳይ፣ የተበላሸው በሁለቱም በኩል ቁጥር ይሰጣል። በየጋራዡ «ባትሪውን ቀይር» የሚለው ምክር ከዚህ ቀላል ምርመራ ቀድሞ መምጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሬጉላተሩ ከተለወጠ በኋላ የቀረው የቻርጅ ፍተሻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ ሲሽከረከር በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት መገኘት አለበት፤ ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ ጭራሽ ካልጨመረ ደግሞ ማግኔቱንና የሶኬቶቹን ዝገት መመልከት ይገባል።

አሁን ወደ ድክመቶቹ ልምጣ። ከሁሉም የከፋው የመሣሪያው የራሱ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ንባቡ ዝቅ ከማለት ይልቅ ከፍ ማለቱ ነው፤ ግማሽ የሆነውን የሞተር ባትሪ ሙሉ አስመስሎ ያቀርበዋል። ሲረሳ ራሱን የማያጠፋ በመሆኑም ይህ ባትሪ ከሚገባው በላይ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው ድክመት በትንንሽ ኦሞች ላይ ይታያል፤ የማግኔቱ ሽቦ ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ኦሞች የማይበልጥ ሲሆን የመልቲሜትሩ ቀጫጭን ገመዶች ራሳቸው የኦም ክፍልፋይ ይጨምሩበታል፤ ስለዚህ ገመዶቹን አንዴ አገናኝቶ የሚታየውን ቁጥር መቀነስ ግድ ነው። ሦስተኛ፣ መሣሪያው በሰከንድ የሚለካው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሞተሪኖው ሲጫን ባትሪው የሚወርድበትን ዝቅተኛ ነጥብ ሊያመልጠው ይችላል፤ ጤነኛ ባትሪ በዚያች ቅጽበት ከ10 ቮልት ብዙም ዝቅ ማለት የለበትም።

አደጋው ግን ከቁጥር ስሕተት ይብሳል። በብዙዎቹ ላይ የ10 አምፔሩ መስመር ፊውዝ የለውም፤ ሞተሪኖው ደግሞ በአስሮች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። መልቲሜትሩ በከረንት መስመር ላይ እያለ ሞተሪኖውን መጫን ገመዶቹን ያቃጥላል። ቀዩን ገመድ ከ10 አምፔር ቀዳዳ ሳያወጡ ቮልት ለመለካት መሞከርም ባትሪውን በቀጥታ ኮንታክት ማድረግ ነው።

በመሣሪያው ላይ ከሁሉ የወደድኩት ሰው ብዙም የማይጠቀምበትን የ2000 ሚሊቮልት ልኬት ነው። አንዱን ገመድ በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ መጫን የማሳውን ጤንነት ይገልጣል፤ ንባቡ ከ200 ሚሊቮልት በላይ ከሆነ ችግሩ ባትሪው ሳይሆን የዛገ ወይም የላላ የማሳ ማሰሪያ ነው። በናስትሮ ተጠቅልለው ዓመታት ያስቆጠሩ ሽቦዎች ባሉበት አሮጌ ሞተር ይህ ፍተሻ ብቻውን የመሣሪያውን ዋጋ ይመልሳል።

ለሚገዛ ሰው፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ እስከሆነ ድረስ ከ830 ቀጥሎ «ቢ» የሚል ፊደል ካለበት ይልቅ «ዲ» ያለበትን እመርጥለታለሁ፤ የሽቦን መቋረጥ በድምፅ ስለሚያሳውቅ ዓይን ከሞተሩ ሳይነሳ መሥራት ይቻላል። ለቤት ቆጣሪና ለሦስት ፌዝ መስመር ግን መምረጫው ላይ 750 ቮልት ስለተጻፈ ብቻ አልመክረውም፤ ገመዶቹም ሆኑ ሽፋኑ ለዚያ የሚያስተማምኑ አይደሉም።